መናኸሪያ የተባለው አግዳሚ

እኔ በማሠለጥንበት የመቱ የግል ጤና ኮሌጅ፣ በትልቁ አዳራሽ በር ሥር አንድ እግሩ ያጠረ አግዳሚ ወንበር አለ። ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ መናኸሪያ ይባላል። እዚያ የተቀመጠ ተማሪ ቀጥሎ የሚቀመጠው ወደ አገሩ በሚመልሰው መኪና ላይ ነው ለማለት ነው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁ። ቆየት ብለው ግን በሕልማቸው ማየት ጀመሩ፤ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ደስ አለኝ። ያልፈራ ተማሪ አያጠናም።

ስሜ ሸዋንግዛው ነው። ቡሬ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ። የመውጫ ፈተና የሚሉት ነገር ሲመጣ፣ ኮሌጁ መጀመሪያ ካስፈተናቸው ስልሳ ሁለት የነርሲንግ ተማሪዎች ዘጠኙ ብቻ አለፉ። ከተማው ተሳለቀ። ዲኑ አቶ ዲበኩሉ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዋናውን በር ትተው በጓሮ ሲገቡ ሲወጡ ከረሙ። ከዚያ ነው እኔን ያስመጡኝ። መደቤ «የተማሪዎች ስኬት አሠልጣኝ» ይላል። ጅማ ሄጄ ሦስት ቀን ሠለጠንኩ። ለራሳችን አጨበጨብን፤ ጎናችን ያለውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየን «አንተ ትችላለህ» ተባባልን። ጎኔ የተቀመጠው ከበደሌ የመጣ ሰውዬ ምንም እንደማይችል ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር።

እኔ በጭብጨባ አላምንም። ዘወትር ሰኞ ጠዋት የሳምንቱን ውጤት እያነበብኩ ተማሪዎቹን በነጥባቸው ቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። አንደኛ ከፊት፣ መጨረሻ መናኸሪያ። ስሙ የተጠራ ደብተሩን ሰብስቦ በሰው ሁሉ ፊት አቋርጦ ይሄዳል። ከዋናው ፈተና በፊት ደግሞ ሞዴል ፈተና እሰጣለሁ። በሞዴሉ ከሃምሳ በታች ያመጣውን ቢሮዬ ጠርቼ እመክረዋለሁ፤ ምክሩም ዘንድሮ አትፈተን ነው። «በገዛ ፈቃዴ ለሚቀጥለው ዙር ተላልፌያለሁ» የሚል ቅጽ አለኝ፤ ይፈርማል። ያልተፈተነ አይወድቅም፣ ያልወደቀ ደግሞ የኮሌጁን የማለፊያ መቶኛ አያወርድም። አቶ ዲበኩሉ ይህን ሲሰሙ ተነሥተው ጨበጡኝ።

ነርሲንግ አላውቅም። ማወቅም አላስፈለገኝም፤ ቁልፍ አለና። ቁልፍ የምለው ከወረቀት ደስጣ ካርቶን የተቆረጠ፣ በትክክለኛው መልስ ቦታ ቦታ በጋለ ሚስማር የተበሳ ገበታ ነው። በተማሪው የመልስ ወረቀት ላይ ትደፋዋለህ። በቀዳዳው የጠቆረ ክብ ከታየ ትክክል፣ ነጭ ከታየ ስህተት። ቡሬ ሳለሁ በአንድ ከሰዓት ሦስት መቶ ወረቀት አርሜበታለሁ። ስንት እንደደረስኩ እንዳይጠፋኝ ለእያንዳንዱ ወረቀት በካርቶኑ ጠርዝ ላይ አንዲት ቀይ ጭረት አሰምራለሁ። መምህራኑ ኩረጃ ለመከላከል ሞዴሉን በሁለት ኮድ አዘጋጁልኝ፤ ጥያቄው አንድ ዓይነት፣ ተራው የተደበላለቀ። ሃምሳ አራት ተማሪ ነበር፤ ሃያ ሰባቱ ኮድ አንድ፣ ሃያ ሰባቱ ኮድ ሁለት። ሁለት ቁልፍ በሳሁ። ኮድ አንድን ጨረስኩ። ኮድ ሁለትን አጋምሼ ምሳ ወጣሁ፤ ተመልሼ የቀረውን ጨረስኩ። አንድም ቀን እንዲህ ቶሎ አርሜ አላውቅም።

ረሂማ ኡካ የምትባል የገጠር ከተማ ልጅ ናት። እናቷ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ገና ልጅ ሳሉ ከወሎ መጥተው እዚያ የሰፈሩ ናቸው። ልጅቱ ከሁለተኛው ረድፍ ወርዳ አታውቅም። አትናገርም፣ እጇን አታወጣም፣ በቀልዴም አትስቅም። እኔ ዝምተኛ ተማሪ አልወድም። ዝምተኛ ወይ ይንቅሃል ወይ ይኮርጃል ብዬ ነው የማስበው።

ሰኞ ጠዋት የሞዴሉን ውጤት ሳነብ «ረሂማ፣ ሃያ ሰባት» አልኩ። ሰው ሁሉ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ዞረ። ደግሜ አነበብኩት። ደስ እያለኝ ነው የደገምኩት፣ መዋሸት ምን ያደርጋል።

ተነሣች። ደብተሯን ደረቷ ላይ አድርጋ በወንበሮቹ መሀል ማለፍ ጀመረች።

«ኡካ የሚሄደው መኪና በስምንት ሰዓት ነው፤ አትቸኩይ» አልኳት።

አዳራሹ አውካካ። እሷ ግን በሩ ጋ ስትደርስ ወደ እኔ ዞረች። «ባርሲሳ» አለችኝ፤ እዚህ አገር ተማሪ መምህሩን በኦሮምኛ የሚጠራው እንዲህ ነው። «ወረቀቴን ማየት እችላለሁ?»

«ምን ልታደርጊው?»

«ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ እርግጠኛ ነኝ። የግሉኮሱ ጠብታ አርባ ሁለት ነው የሚመጣው። እሱን እንኳ ባየው።»

«ሰማችሁ?» አልኳቸው ሌሎቹን። «ሰባ ሦስት ጥያቄ ስታ ስለ አንዷ ትሟገተኛለች። ቁልፍ አይሳሳትም፣ የኔ እመቤት። ቦታሽን ያዢ።»

የምትይዘው ቦታ እንኳ አልነበረም። በዚያን ቀን መናኸሪያው ሞልቶ አሥራ ሰባት ሰው ተጣበበበት፤ ስድስቱ ተቀምጠው የቀሩት ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ከወትሮው ሦስት እጥፍ ነው። ጤነኛ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይጠረጥር ነበር። እኔ ግን ማስፈራራቴ ስላልበቃ ነው ብዬ ተናደድኩ።

ማክሰኞ እናቷ ከኡካ መጡ። እትዬ ሲቲ ይባላሉ። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው፤ ግንቦት ገብቶ ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት ነበር። በሦስት ሊትር ጀሪካን ነጭ ማር ይዘዋል። ቢሮዬ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ረሂማ ከኋላቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ እኔ ማንበብ አልችልም» አሉኝ። «እርስዎ እውነቱን ይንገሩኝ። ይህቺ ልጅ ትችላለች አትችልም?»

«ዘንድሮ አትችልም።»

«ወላሂ?»

«እትዬ፣ ወረቀት ነው የተናገረው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰሙም?»

አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ነገሩን ሁሉ ዘረገፉልኝ። አባትየው ሞተዋል፤ ቤቱን የሚያዝዘው አጎቷ ነው። አጎትየው ፓስፖርቷን አስወጥቶ ጨርሷል። ዲግሪዋን ይዛ ሐምሌ ላይ ከመጣች ኡካ ጤና ጣቢያ ለወጣው ክፍት ቦታ ትወዳደራለች፤ ካልያዘች ሪያድ ትሄዳለች፣ ለሰው ቤት ሥራ። እንዲህ ተባብለው በሽማግሌ ፊት ፋቲሓ አድርገው ቃል አስረውበታል። ስድስት ወር ጠብቅ ቢሉት አጎትየው አይሰማም።

«ታዲያ ተፈትና ወድቃ ብትዋረድ ነው ወይስ ሳትፈተን ብትቀር የሚሻለው?» አሉኝ።

«ወድቃ ስሟ ከሚጠፋ ሳትፈተን ብትሄድ ይሻላል» አልኳቸው። ያኔ የምናገረውን አምኜበት ነበር። ይህቺን አንዲቷን ነገር ቁጠሩልኝ።

ረሂማ ወረቀቷን አሁንም ልታይ ጠየቀች። እናቷ ተቆጧት። «ከትልቅ ሰው ጋር እሰጥ አገባ ምንድን ነው? ጋሼ ምን በድለሻቸው ይዋሹሻል?» ልጅቱ ፈረመች። አላለቀሰችም። እትዬ ሲቲ ሲወጡ «አላህ ያቆይልን፣ ገለቶማ» ብለው በሁለት ቋንቋ አመስግነው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ማሩን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ሄዱ።

ረቡዕ አዳራሹ ባዶ በነበረበት ሰዓት የመናኸሪያውን አጭር እግር ላስተካክል ፈለግሁ። ሲወዛወዝ ድምፁ ንግግሬን ያበላሽብኛል። አጥፌ ከሥሩ የማስገባው ካርቶን ሳጣ ያገለገሉትን የሞዴሉን ቁልፎች አነሣሁ። ላጥፍ ስል ጭረቶቹ ታዩኝ። የኮድ ሁለቱ ቁልፍ ጠርዝ ላይ ያሉት ጭረቶች አነሱብኝ። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ስድስት ናቸው። ሌላውን አነሣሁ። ኮድ አንድ፣ ሠላሳ ስምንት። ሃያ ሰባት መሆን የነበረበት ሠላሳ ስምንት።

ቂጤ አግዳሚው ላይ አረፈ። ከምሳ ስመለስ ያነሣሁት የተሳሳተውን ካርቶን ነበር። አሥራ አንድ የኮድ ሁለት ወረቀት በኮድ አንድ ቀዳዳ አርሜያለሁ።

ቢሮዬን ከውስጥ ቆልፌ አሥራ አንዱንም እንደገና አረምኳቸው። አራቱ ያው ደካሞች ናቸው። ስድስቱ ከሃምሳ በላይ። የረሂማ ሰማንያ ስድስት። ከሃምሳ አራቱ ተማሪ ሰማንያ የደረሰ ሌላ ሰው የለም። ተራ ቁጥር አሥራ ሰባትን በእጄ ሠራሁት፤ ይህ ሂሳብ ነው፣ ሂሳብ ደግሞ የኔ ነው። አንድ ሺህ ሚሊ ግሉኮስ በስምንት ሰዓት እንዲያልቅ፣ አንዱ ሚሊ ሃያ ጠብታ ቢሆን በደቂቃ ስንት ጠብታ ይወርዳል? አርባ ሁለት።

የመውጫ ፈተናው ተፈታኞች ዝርዝር የሚላከው ዓርብ ነው። ሁለት ቀን ነበረኝ። ወረቀቶቹን ይዤ ወደ ዲኑ ቢሮ ወጣሁ፤ ልናገር ነበር የወጣሁት፣ እምላለሁ። አቶ ዲበኩሉ ዝርዝሩን ዘርግተው እያዩ ነበር።

«ሠላሳ ሰባት ተፈታኝ» አሉኝ። «ጥቂት፣ ግን የጠራ። ሸዋንግዛው፣ ጎሬ ላይ ቅርንጫፍ ስንከፍት ሥልጠናውን የምትመራው አንተ ነህ። የአንተን አግዳሚ ነገር ለባለቤቶቹ አጫውቻቸው በሳቅ ሞቱ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ምን ፈልገህ ነበር?»

ሰኞ ዕለት ቁልፍ አይሳሳትም ባልኩበት አዳራሽ ቆሜ፣ ሰባት ሰው ከመናኸሪያ አስነሥቼ ወደ ፊት ሳሻግር ታየኝ። ያቺ የማትስቅ ልጅ በመጀመሪያው ረድፍ ተቀምጣ ስታየኝ ታየኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«ምንም፣ ሰላም ልልዎት ነው» አልኩ። ዝም አይነቅዝም።

ለራሴ ብዙ ነገር ነገርኩት። የሚቀጥለው ዙር ጥር ላይ ነው፣ ስድስት ወር ምንድን ነው አልኩ። ስድስቱ ልጆች እውነትም ቢጠብቁ አይሞቱም ነበር። አንዷ ግን እንደማትጠብቅ አውቃለሁ፤ እናቷ ፊቴ ተቀምጠው ነግረውኛል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ በሩን አንኳኳች። ሻንጣዋን ይዛ ነበር፤ መጓዟ ነው።

«ጋሼ፣ ልሄድ ነው» አለች። ባርሲሳ ማለቱን ትታዋለች። «ወረቀቴን አንዴ ብቻ ላየው። አልከራከርም። የት የት እንደሳትኩ ባውቅ አርፋለሁ።»

ወረቀቱ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር በማይርቅ መሳቢያ ውስጥ ነበር። በቀይ ሰማንያ ስድስት ተጽፎበታል፣ በገዛ እጄ። ያን ጊዜ ያዘንኩላት እንዳይመስላችሁ። ጠላኋት። ዝም ብላ ብትሄድ ምን ነበረበት?

«ወረቀቶቹ ተቃጥለዋል» አልኳት። «ደንብ ነው።»

«እሺ።»

መቆሟን አልተወችም። ስለዚህ አሠለጠንኳት፤ ሥራዬ ነው። «ስሚ ረሂማ፣ ሰው ሁሉ ለትምህርት አልተፈጠረም። ራስን ማወቅ ትልቅ ስኬት ነው። አንቺ ታዛዥ ነሽ፣ ንጹሕ ነሽ፣ ለሰው ቤት ሥራ የሚፈለገው ይኸው ነው። ትችያለሽ።» ጅማ እንዳስተማሩን ዓይን ዓይኗን እያየሁ ነው ያልኳት።

ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው። አቀርቅራ፣ ድምፅ ሳታሰማ። «እኔ የምችል ይመስለኝ ነበር» አለች። ከዚያ ሻንጣዋን አንሥታ ወጣች። በስምንት ሰዓት የሚሄደው መኪና አልፏት ስለነበር ዝናቡ ውስጥ ሌላ ስትጠብቅ በመስኮት አየኋት።

ከሠላሳ ሰባቱ ሠላሳ ስድስቱ አለፉ። በሩ ላይ ሰንደቅ የሚያህል ባነር ተሰቀለ። እኔም በመስተዋት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ከጠረጴዛዬ በላይ ሰቅዬዋለሁ። ረሂማ ነሐሴ ላይ መሄዷን ከኡካ ከመጣ ተማሪ ሰማሁ። ኡካ ጤና ጣቢያ ለዚያ ቦታ ሰው አጥቶ ማስታወቂያውን ደግሞ እንዳወጣም የነገረኝ እሱ ነው። አልጠየቅሁትም ነበር።

ጥቅምት ላይ ምዝገባ ሲጀመር እትዬ ሲቲ በሩን ከፍተው ገቡ። ሌላ ጀሪካን ማር ይዘዋል። ከኋላቸው ረሂማን የምትመስል ልጅ ቆማለች፤ ታናሿ ናት። አዲስ ደብተር አቅፋለች።

«ሌላ ኮሌጅም ነበር» አሉኝ እትዬ ሲቲ። «እኔ ግን እምቢ አልኩ። ሌላው ሰው አይዞሽ እያለ ያታልላል፤ ጋሼ ሸዋንግዛው እውነቱን ይነግሩኛል አልኩ። ይህቺንም እንደ እህቷ ይዩልኝ። የማትችል ከሆነ ቶሎ ይንገሩኝ፣ አጎቷ እየጠየቀኝ ነው።»

«እናያለን» አልኩ።

«ረሂማ ደግሞ መልእክት ልካለች። በኢሞ።» ስልካቸውን ከጡታቸው ሥር አወጡ። ታናሿ ተቀብላ ነካካችውና የረሂማ ድምፅ ቢሮዬን ሞላው። ቀጭን ነው፣ ከወትሮው የፈጠነ።

«እማ፣ ጋሼን ካገኘሽ ሰላም በይልኝ። የማዳም እናት ታመው ግሉኮስ ተሰቀለላቸው። ነርሷ መጥታ ጠብታውን ስታስተካክል አጠገቧ ቆሜ በሰዓት ያዝኩት። አንድ ሺህ ሚሊ በስምንት ሰዓት ነው ያለችው፣ ልክ እንደ ፈተናው። አርባ ሁለት ነው የሚወርደው። እኔ እንዳወጣሁት። ታዲያ እንዴት ተሳሳትኩ? አይቆጡኝና መልሱ ስንት እንደነበር ይንገሩኝ በያቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም። ሥራ ስሠራ እሱን ነው የማሰላው፣ ራሴን አዞረኝ።»

ድምፁ ተቋረጠ። እትዬ ሲቲ ስልኩን አፌ አጠገብ አመጡልኝ። «ይንገሯት፣ ጋሼ። ይህቺ ትቀዳዋለች። እንግዲህ ልጄ ትረፍ።»

የታናሿ ጣት ስልኩ ላይ ቀይዋን ነገር ተጭኖ ይጠብቀኛል። ሁለት ቃል ነው፤ አርባ ሁለት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ዘንድ ሲመጣ ግን አልጠራም፣ ፈራሁት። አርባ ሁለት ካልኩ፣ አሥራ ሰባት ትክክል ከሆነ አሥራ ስምንትስ ትለኛለች፣ አሥራ ዘጠኝስ ትለኛለች። ሰማንያ ስድስቱንም አንድ በአንድ ትቆጥርብኛለች። ከኡካ እናቷ፣ ከሪያድ እሷ።

«ረሂማ፣ እንዴት ነሽ» አልኩ። ድምፄ የአሠልጣኝ ድምፅ ነበር። «የዚያ አገር ዕቃ ከእኛ ይለያል፤ ጠብታውም ይለያል። በእኛ መልሱ ሃያ አንድ ነው። አንቺ እጥፉን ነው ያወጣሽው። ሕመምተኛ ቢሆን ገድለሽው ነበር። እንኳን ቀረብሽ።»

ታናሿ ጣቷን አነሣች። እትዬ ሲቲ ገና ስለ ምዝገባው ወረቀት ሲጠይቁኝ ስልኩ ጮኸ። መልሱ አጭር ነበር።

«እሺ። ሃያ አንድ። አሁን ገባኝ። አመሰግናለሁ በያቸው፣ ከእንግዲህ አላስቸግራቸውም። ከዚህ ቤት ስወጣ አገሬ ገብቼ እንደገና ልሞክረው አስቤ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ።»

«ተመስገን፣ አረፈች» አሉ እትዬ ሲቲ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

ታናሿ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አዲሱን ደብተሯን ገልጣለች። እስኪርቢቶዋን ከከንፈሯ አውጥታ በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ፣ በሚያምር እጅ ጽሕፈት፣ ሃያ አንድ ብላ ጻፈች።